ማድሪድ–ኒው ዮርክ፦ ርቀቱ አንድ ሆኖ የበረራ ሰዓቱ ለምን ይለያያል?

[ምስል፦ ጠፍጣፋ የዓለም ካርታ፤ ማድሪድና ኒው ዮርክ በነጥብ ተመልክተዋል]

ማድሪድና ኒው ዮርክ ሁለቱም በሰሜን 40ኛው ዲግሪ ኬክሮስ ገደማ ይገኛሉ። ስለዚህ ጠፍጣፋ ካርታ ላይ ማስመሪያ የሚያስደግፍ ሰው፣ አውሮፕላኑ በቀጥታ ወደ ምዕራብ መብረር ያለበት ይመስለዋል። ነገር ግን የኬክሮሱን መስመር ሳይለቅ ቢበር 5,940 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ ወደ ሰሜን ጎበጥ ብሎ እስከ 46ኛው ዲግሪ ወጥቶ ቢወርድ ግን 5,770 ኪሎ ሜትር ገደማ ይበቃዋል።

[ምስል፦ በሉል ላይ የተወጠረ ክር]

ምክንያቱ የምድር ክብነት ነው። በሉል ላይ ሁለቱን ከተሞች በክር አገናኝታችሁ ክሩን ብትወጥሩት፣ ራሱ ወደ ሰሜን ሸሽቶ አጭሩን መንገድ ያሳያችኋል። የርቀት ማስሊያዎች የሚሰጡትም ቁጥር ይኸው ነው፤ የከተሞቹን ኬክሮስና ኬንትሮስ ወስደው፣ በ6,371 ኪሎ ሜትር አማካይ የምድር ሬዲየስ ያሰሉታል።

[ምስል፦ የበረራ ሰሌዳ]

ቀጥሎ የሚመጣው ስሌት ቀላል ይመስላል። ትልልቅ የመንገደኞች አውሮፕላኖች ከፍታቸውን ከያዙ በኋላ በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚበሩ፣ 5,770ን ለ900 ስናካፍል 6 ሰዓት ከ25 ደቂቃ እናገኛለን። የበረራ ሰሌዳው ግን ወደ ኒው ዮርክ ከ8 ሰዓት በላይ፣ ወደ ማድሪድ ደግሞ 7 ሰዓት ያህል ይላል። የልዩነቱ አንዱ ክፍል ከመሬት ይመጣል፤ በሰሌዳው ላይ የሚጻፈው ጊዜ አውሮፕላኑ ከቆመበት ከተንቀሳቀሰበት ቅጽበት እስከሚቆምበት ድረስ ያለው ስለሆነ፣ ወደ ማኮብኮቢያው የሚደረገውን ጉዞ፣ ተራ መጠበቁን፣ ዝግ ብሎ መውጣቱንና መውረዱን ሁሉ ይጨምራል።

ዋናው ምክንያት ግን ነፋስ ነው። በዚህ የምድር ክፍል፣ አውሮፕላኖች በሚበሩበት ከፍታ ላይ፣ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍስ ጄት ስትሪም የተባለ ኃይለኛ የነፋስ ጅረት አለ። ፍጥነቱ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ነው እንበል፤ ወደ ምዕራብ የሚሄደው አውሮፕላን ከመሬት አንጻር በ800፣ የሚመለሰው በ1,000 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ይጓዛል። ያ ማለት ሲሄድ 7 ሰዓት ከ13 ደቂቃ፣ ሲመለስ 5 ሰዓት ከ46 ደቂቃ ነው። ብዙ ሰው ነፋሱ በመሄጃ የወሰደውን በመመለሻ የሚከፍል ይመስለዋል፤ ሁለቱን ስትደምሩ ግን ነፋስ ከሌለበት ቀን ወደ 10 ደቂቃ ይበልጣል፤ ምክንያቱም አውሮፕላኑ ከሚረዳው ነፋስ ይልቅ ከፊት ከሚቃወመው ነፋስ ጋር ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2020 በማዕበል ምክንያት ይህ ጅረት እጅግ በበረታበት ሌሊት፣ አንድ ቦይንግ 747 ከኒው ዮርክ ለንደን በ4 ሰዓት ከ56 ደቂቃ ደርሷል። አየር መንገዶች ወደ ምዕራብ ሲበሩ ይህን ጅረት ለመሸሽ መንገዳቸውን ሆን ብለው ማርዘማቸውም ከዚሁ የተነሣ ነው።

[ምስል፦ ሁለት የግድግዳ ሰዓቶች]

በትኬት ላይ ያሉት ሰዓቶችም ያሳስታሉ። ከማድሪድ በእኩለ ቀን ተነሥቶ 8 ሰዓት የበረረ መንገደኛ፣ ኒው ዮርክ ሲደርስ የከተማው ሰዓት ከእኩለ ቀን ያለፈው በሁለት ሰዓት ብቻ ነው፤ በሁለቱ ከተሞች መካከል የ6 ሰዓት ልዩነት አለና። ይህም ቢሆን ቋሚ አይደለም፤ አሜሪካና አውሮፓ የበጋ ሰዓታቸውን (በሞቃቱ ወራት ሰዓትን በአንድ ሰዓት ወደ ፊት የማድረግ ልማድ) በተለያየ ቀን ስለሚቀይሩ፣ በዓመት ውስጥ ለጥቂት ሳምንታት ልዩነቱ 5 ሰዓት ይሆናል።