የሰንሰለቱ ጫፍ፦ ከስታይሪን ብልቃጥ እስከማይሰነጠቅ ኢፖክሲ

ጤና ይስጥልን። ጥሪያችንን አክብራችሁ ስለመጣችሁ እናመሰግናለን።

ስለ ፖሊመር፣ ማለትም ትናንሽ ሞለኪውሎች ተቀጣጥለው ስለሚሠሩት ረጅም ሰንሰለት፣ ሲነሳ ብዙ ጊዜ የሚወራው ስለ ሰንሰለቱ ርዝመት ነው። ዛሬ የምናወራው ግን ስለ ጫፉ ነው። ሞለኪውላዊ ክብደቱ 5,000 የሆነ ፖሊስታይሪን ወደ 48 የስታይሪን ቁራጮች የተቀጣጠሉበት ነው። ጫፉ ላይ ካርቦክሲል ወይም ሃይድሮክሲል የተባለ፣ ከሌላ ጋር የሚዋሃድ የአቶሞች ስብስብ ካልተተከለለት ግን ሌላውን የሚይዝበት እጅ የለውም።

በ1956 ማይክል ሽቫርትስና ባልደረቦቹ ሞኖመሩ፣ ማለትም ሰንሰለቱ የሚሠራበት ቁራጭ፣ ካለቀ በኋላም ጫፉ የማይሞት ሰንሰለት አሳዩ፤ ስታይሪን ሲጨመርለት እድገቱን ይቀጥላል። ለእኛ ሥራ መሠረቱ ይህ ነው። ተጣርቶ የደረቀ 10 ግራም ስታይሪን ሳይክሎሄክሴን ውስጥ አድርጉ፤ በአርጎን ሥር ሰንሰለቱን የሚያስጀምረውን ሴክ-ቡቲልሊቲየም 2 ሚሊሞል ጨምሩበት። 10 ግራሙ ለ2 ሚሊሞል (0.002 ሞል) ሲካፈል የሰንሰለቱ ሞለኪውላዊ ክብደት 5,000 ይመጣል። ፈሳሹ ብርቱካናማ ቀይ ይሆናል፤ ያ ቀለም ሕያው ጫፍ ነው።

እዚህ ላይ ውኃን ፍሩ። 18 ሚሊግራም ውኃ፣ የአንዲት ጠብታ ሲሶ ግድም፣ 1 ሚሊሞል ነው። ግማሹን አስጀማሪ ይገድለዋል፤ የተረፈው ግማሽ ስታይሪኑን ሁሉ ተቀራምቶ 5,000 የጠበቃችሁት 10,000 ሆኖ ይወጣል።

ቀዩ ፈሳሽ ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲነፋ ቀለሙ ወዲያው ይጠፋል። ብዙ ሰው እዚህ ደርሶ ሥራው ያለቀ ይመስለዋል። ቀለሙ ጠፋ ማለት ግን ጫፉ ካርቦክሲል ሆነ ማለት አይደለም፤ አንዱ ሕያው ጫፍ ጋዙን የያዘውን ሌላ ጫፍ አጥቅቶ ሁለት ሰንሰለቶች በኪቶን ሊጣበቁ ይችላሉ። ስለዚህ ለኩ። 1 ግራም ፖሊመር በቶሉኢን አሟሙታችሁ በ0.02 ኖርማል የአልኮል ፖታሽ ታይትሬት አድርጉ (አሲዱ እስኪያልቅ በጠብታ ጨምራችሁ የፈጀውን ለኩ)፤ ጫፉ ሁሉ ከተሠራ 10 ሚሊሊትር ይፈጃል። 7 ላይ ከቆመ ከመቶ ሠላሳው ሰንሰለት ባዶ እጁን ነው።

ጫፉ ለምን ይህን ያህል እንደሚያስጨንቀን የሚታየው ሬዚንና ማጠንከሪያ (ሃርድነር) ተቀላቅለው በሚረጉበት በኢፖክሲ ላይ ነው። ተራ ኢፖክሲ ጠንካራ ነው፤ ነገር ግን እንደ መስታወት ይሰነጠቃል። መድኃኒቱ በሁለቱም ጫፉ ካርቦክሲል ያለው የቡታዳይንና የአክሪሎናይትራይል ፈሳሽ ጎማ ነው። ለ100 ግራም ሬዚን 10 ግራም ጎማና ምላሹን የሚያፋጥን 0.2 ግራም ትሪፌኒልፎስፊን ጨምሩ፤ በናይትሮጅን ሥር በ150 ዲግሪ ሁለት ሰዓት ያህል፣ የአሲዱ ልክ ዜሮ እስኪጠጋ አማስሉ። ይህን እርምጃ መዝለል ትልቅ ስሕተት ነው። ሃርድነሩ፣ ማለትም አሚኑ፣ ቀድሞ ከገባ ካርቦክሲሉ ከሱ ጋር ጨው ይሠራል፤ ጎማውም ከሬዚኑ ጋር ሳይያያዝ ይቀራል።

አሁን ወደ ሚዛኑ። የሬዚኑ የኢፖክሲ አቻ ክብደት (አንድ ሞል የኢፖክሲ ጫፍ የሚገኝበት ግራም) 188 ቢሆን፣ የሃርድነሩ የትሪኤቲሊንቴትራሚን አቻ ክብደት (አንድ ሞል የኢፖክሲ ጫፍ የሚይዝ ግራም) ደግሞ 24.4፣ ለ100 ግራም ንጹሕ ሬዚን 13 ግራም ሃርድነር ይበቃል። ድብልቁ 110 ግራም ስለሆነ በዚያው ስሌት 14.3 የሚጨምር አለ። ተሳስቷል። ጎማው ኢፖክሲ አልጨመረም፤ እንዲያውም ጥቂት በልቷል። ትክክሉ 12.9 ግራም ነው። ትርፉ አሚን ጓደኛ አጥቶ መረቡን ያላላዋል እንጂ አያጠነክረውም። ሃርድነር ሲበዛ ቶሎ ይደርቃል የሚለው ከፖሊስተር ሥራ የመጣ ልማድ ነው፤ ኢፖክሲ ላይ አይሠራም። በአንድ ዕቃ ብዙ ማቡካትም አደገኛ ነው፤ የራሱ ሙቀት መውጫ አጥቶ ይጨሳል።

ሬዚኑ ሲረጋ ዓይናችሁን ከሱ አትንቀሉ። መጀመሪያ ጥርት ብሎ የነበረው እንደ ወተት ሲደፈርስ ጎማው ጥቂት ማይክሮሜትር ስፋት ባላቸው ጠብታዎች እየተለየ ነው። እነዚያ ጠብታዎች ናቸው ስንጥቁ ሲመጣ ውስጣቸው ተከፍቶ፣ ዙሪያቸው ያለው ኢፖክሲ ተለጥጦ ጉልበቱን የሚውጡት። ድብልቁ ቶሎ ከረጋ ጎማው ሳይለይ ሟምቶ ይቀራል፤ ያኔ ሙቀት የመቋቋም አቅሙ ይወርዳል፣ ስንጥቁም እንዳለ ነው። የአክሪሎናይትራይሉ መጠን 18 ከመቶ አካባቢ ሲሆን ለመለየት ያግዛል፤ 26 ሲደርስ ጎማው ከሬዚኑ ጋር በጣም ይስማማል።

በእርጥብና ቀዝቃዛ አየር ሌላ ጣጣ አለ። ብልቃጡ ውስጥ የጠቀመን ካርቦን ዳይኦክሳይድ እዚህ ከአሚኑ ጋር ተዋህዶ ላዩ ላይ ነጣ ያለ፣ የሚያሟልጭ ሽፋን ይሠራል። ሁለተኛው ቅብ ከመደረቡ በፊት በለብታ ውኃ ይታጠብ፤ ሳይታጠብ በብርጭቆ ወረቀት መፈግፈግ ሽፋኑን ያሰራጨዋል።

ጠረጴዛው ላይ ሁለት ስባሪዎች አሉ። አንዱ እንደ መስታወት ያብለጨልጫል፤ ጎማ የለበትም። ሌላው ስንጥቁ በጀመረበት ጫፍ ነጣና ሻከር ብሏል። በጥፍራችሁ ዳስሱትና ጥያቄያችሁን ይዛችሁ ተመለሱ።