ወጣ ገባው የሩጫ ዓመቴ

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነኝ። ደሴ ዝናቧን ይዛለች፣ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ከተሰማችሁ እሱ ነው። ስለ ዘንድሮ ሩጫዬ ላወራችሁ ነው የተቀመጥኩት።

ዓመቱ ወጣ ገባ ነበር። ሐዋሳ ላይ በሕይወቴ ፈጣኑን ግማሽ ማራቶን ሮጥኩ። ከፋሲካ በኋላ ደግሞ እዚሁ አፍንጫችን ሥር፣ ኮምቦልቻ ላይ፣ አቋርጬ ወጣሁ። ሰው "ዘንድሮስ እንዴት ነበር?" ሲለኝ ባንድ ቃል መመለስ ያቅተኛል። አንድ ነገር ግን ከልቤ አምናለሁ። እኛ ቀን ሥራ ውለን ማታ ወይ ንጋት ላይ የምንሮጥ ሰዎች፣ ዓመታችንን በሰዓት ብቻ ስንመዝን ራሳችንን እንበድላለን።

ከታላቁ ሩጫ ልነሳ። ህዳር ላይ አዲስ አበባ ሄደን ሮጥን። እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ የሚካሄድ የ10 ኪሎ ሜትር ሩጫ ነው፤ የሕዝቡን ብዛት ያየ ያውቀዋል። መጀመሪያ ላይ እግር ማንሻ ቦታ የለም። 58 ደቂቃ ፈጀብኝ። ፒያሳ ቡና ስንጠጣ አንድ ወዳጄ ሰምቶ "ምነው ዘገየህ?" አለኝ። ለታላቁ ሩጫ እንዲህ ያለ ጥያቄ አይገባውም። እዚያ የሚኬደው ከሕዝብ ጋር ለመሆን ነው፤ ዘፈኑ፣ ጭፈራው፣ ቲሸርቱ። እኔ ያንን 58 ደቂቃ እወደዋለሁ።

ሐዋሳ ሌላ ነው። 1 ሰዓት ከ36 ገባሁ። ደስታዬን አልደብቅም፣ መስመሩን ስረግጥ እንባዬ መጥቷል። ግን ሰዓቱ ከየት እንደመጣ ማወቅ ደግ ነው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። እዚህ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለል ጋር ሲነጻጸር ሩብ ያህል ያንሳል፤ ሳንባ በአንድ ትንፋሽ የሚያገኘው ኦክሲጅንም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ሐዋሳ 1,700 ሜትር አካባቢ ናት፣ ለዚያውም ሜዳ። ደሴ ውስጥ ያለ ዳገት 5 ኪሎ ሜትር ልሩጥ ብትሉ መንገዱን ፈልጋችሁ አታገኙትም። ስለዚህ የሐዋሳውን ሰዓት ከደሴው ጎን አስቀምጦ "ተሻሻልኩ፣ ወረድኩ" ማለት ትርጉም የለውም። እኔ አሁን ማስታወሻዬ ላይ ከሰዓቱ አጠገብ ከፍታውንና ሙቀቱን እጽፋለሁ።

ስለ ሀረጎ ቁልቁለት ደግሞ ሳላወራ አላልፍም። ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፤ በዚያች መንገድ ከ600 ሜትር በላይ ይወረዳል። ረጅሙን ሩጫችንን እዚያ ነው ያደረግነው። ንጋት ላይ ስንነሳ ጉሙ ምንም አያሳይም። ጓደኛዬን የማገኘው በኮቴው ድምፅ ነው። ጠመዝማዛው ላይ ስንደርስ የከባድ መኪኖቹ ፍሬን ሲግል የሚሸተው ሽታ አፍንጫ ውስጥ ይገባል። የሰውም ጭን ቁልቁለት ላይ እንደዚያው ፍሬን ነው የሚሆነው። ጡንቻው እየተለጠጠ ክብደት ይይዛል፣ በጥቂቱ ይቆሳስላል፤ ሕመሙ የሚብሰው የዚያኑ ቀን ሳይሆን በማግስቱና በሠልስቱ ነው። መጀመሪያ ጊዜ ወርጄ በማግስቱ የቢሮውን ደረጃ የወጣሁት መደገፊያውን ይዤ ነው። ደጋግማችሁ ስትወርዱ ግን ጡንቻው ይለምዳል፣ ያ ሁሉ ሕመም ይቀንሳል። እኔ ዘንድሮ ካገኘሁት ሁሉ ትልቁ ይሄ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። በየትኛውም ውድድር ሰዓት ላይ ግን አልተጻፈም።

ጓደኛዬ ሙስሊም ነው፣ እኔ ክርስቲያን። ዘንድሮ ረመዳንና ዐቢይ ጾም ገጠሙ። እሱ ከማፍጠሪያ በፊት ባለችው ሰዓት ቀስ ብሎ መሮጥ መረጠ፤ ሲጨርስ ውሃና ቴምሩ ይጠብቁታል። እኔም ሰዓቴን ከሱ ጋር አደረግኩ። ፍጥነት ተውን፣ ርቀቱን ቀነስን። ያ ወር በወረቀት ሲታይ ባዶ ይመስላል። ቤታቸው ስንገባ እናቱ ሾርባውን አቅርበው፣ ሳምቡሳውን በሁለት ሳህን ይለያሉ። "ልጄ፣ የሥጋው የሱ ነው። ያንተ ይሄ ነው፣ ምስር ነው፤ ዘይቱንም ለብቻ ነው የጠበስኩልህ" ይሉኛል። ለዚህ ነው ያንን ወር "የወደቀ ልምምድ" ብሎ የሚጠራ ሰው ሲያጋጥመኝ የሚከፋኝ።

በነገራችን ላይ አንድ ነገር ለጿሚ ሯጮች። ምስርም ጤፍም ብረት አላቸው፤ ነገር ግን ከእህል የሚገኘው ብረት እንደ ሥጋው ቶሎ አይዋጥም፣ ቡናና ሻይ ከምግብ ጋር ሲጠጡ ደግሞ ይበልጥ ይቀንሱታል። ስለዚህ አቦሉን አንድ ሰዓት ያህል ማዘግየት ይጠቅማል። ወሎ ውስጥ ይሄን ማስረዳት ቀላል አይደለም። "ኧረ ቡና ሳይጠጣ!" ተብሎ በር ይዘጋባችኋል። ቁጭ ብላችሁ እየተጫወታችሁ ሰዓቱን አሳልፉ፤ ቡናውም አይቀርባችሁ።

ኮምቦልቻ። 15ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ባቴ ጨመደደኝ። መጀመሪያ ፍጥነት ቀነስኩ፣ ቀጥሎ መርገጥ አቃተኝ። ፀሐዩ ከደሴ ለወረደ ሰው ከባድ ነበር። አስፋልቱ ዳር ቆምኩ። ሎሚ የዘረጉ እናት "አብሽር ልጄ፣ ና ጥላው ሥር አረፍ በል" ብለው ዱካቸውን ለቀቁልኝ። ከኋላዬ የነበሩት ሁሉ እያለፉኝ ሲሄዱ ተቀምጬ አየሁ። ከበደኝ። ለሁለት ሳምንት ያህል ስለ ሩጫ ማውራት አልፈለግኩም ነበር።

ከዚያ ያነሳኝ የታምራት ቶላ ነገር ነው። ታምራት እ.ኤ.አ. 2022 በማራቶን የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። በሚቀጥለው ዓመት ቡዳፔስት ላይ ማዕረጉን ሊያስጠብቅ ወጥቶ፣ በዚያ ሙቀት ሳይጨርስ ቀረ። ከዚያ ሦስት ወር ሳይሞላው ኒውዮርክን በቦታው ክብረ ወሰን አሸነፈ፣ 2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ ከ58 ሰከንድ። ለ2024ቱ ፓሪስ ኦሊምፒክ ደግሞ ተጠባባቂ ነበር። ሲሳይ ለማ ተጎድቶ ቦታውን ለቀቀለት። ያ ሁሉ ዳገት ባለበት መንገድ 2:06:26 ሮጦ የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን ሰበረ። ከገዛኸኝ አበራ ከሲድኒ 2000 ወዲህ በወንዶች ማራቶን ያገኘነው የመጀመሪያው ወርቅ ነው። ራሴን ከሱ ጋር እያወዳደርኩ አይደለም። የቡዳፔስቱን ቀን ብቻ አይቶ ስለ ታምራት የፈረደ ሰው ምን ያህል ይሳሳት እንደነበር ነው የማስበው። የሱን ዓመት እንዲህ አስፍተን ካየን፣ የራሳችንንስ ለምን እናጠባለን?

አሁን ባቴ ድኗል። ሐኪሙ የሰጠኝን እንቅስቃሴ ጠዋት ጠዋት ደረጃ ላይ ቆሜ እሠራለሁ፣ ተረከዝ ከፍ፣ ቀስ ብሎ ዝቅ። ለመጪው ዓመት ውድድር ቀንሻለሁ፤ ሐዋሳና አንድ የአካባቢያችን ሩጫ ይበቁኛል። ለፋብሪካ ሠራተኞችና ለመምህራን፣ እንደኔ ጊዜ ለሚያጥራቸው ሁሉ፣ ይሄን ነው የምመክረው።

ሀረጎን ደግሞ ሽቅብ ልሞክራት አስቤያለሁ። ከመካከላችሁ ከኮምቦልቻ ተነስቶ ደሴ ድረስ የሮጠ ካለ የድምፅ መልእክት ይላክልኝ። ስንት ሰዓት ላይ እንደተነሳና ውሃውን የት የት እንዳስቀመጠ ማወቅ እፈልጋለሁ።