ይህን ማን ሊዘምረው ነው?

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነኝ። ላወራችሁ የፈለግኩት ስለ መዝሙር ነው። ስለሚዘምረው ሰው ሳይሆን ስለሚጽፈው።

ከራሴ ልጀምር። ሰንበት ትምህርት ቤት የመዝሙር ክፍል እያለሁ ለደብራችን ንግሥ አንድ መዝሙር ጻፍኩ። ያኔ ሃያ ዓመትም አልሞላኝም። ሁለተኛው አንቀጽ ላይ እንዲህ የሚል ነበረው፦

አንተን ካወቅኩህ ወዲህ፣ ሐዘን አላውቅም፤
ዕንባ በዓይኔ ላይ፣ ከቶ አይታይም።

ቤት ይመታል። ዜማውም ደስ ይላል። ጓደኞቼ ወደውት በሁለት ቀን ሸመደዱት። ግን ከመዘመሩ በፊት ለእርማት የኔታ ዘንድ መቅረብ ነበረበት። የኔታ የደብራችን መሪጌታ ናቸው። ከቤተልሔሙ፣ የቅዳሴው ኅብስት ከሚዘጋጅበት ቤት፣ አጠገብ ካለችው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ወረቀቱን ተቀበሉኝ። መነጽራቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ። አነበቡ። ደግመው አነበቡ። እኔ ስለ ሰዋስው ይነግሩኛል ብዬ ቆሜያለሁ።

«ይህን ማን ሊዘምረው ነው?» አሉኝ።

«እኛ ነና የኔታ።»

«እናንተማ ጀማሪዎቹ ናችሁ። ተቀባዩን ነው የምጠይቅህ።» ከዚያ የአንዲት እናት ስም ጠሩልኝ። ሁሌ በሴቶች በኩል ከምሰሶው ሥር የምትቆም እናት ናት። ልጇን ቀብራ አርባው እንኳ ገና አልወጣም። «እሷ ሐዘን አላውቅም ብላ ልትዘምር ነው? ልጄ፣ ሰውን በእግዚአብሔር ቤት አታስዋሸው።»

ወረቀቱን መለሱልኝ። ሌላ ምንም አላሉም።

ያን ቀን ወደ ቤት ስሄድ ፊቴ እየነደደ ነበር። መዝሙር መጻፍ ማለት የተሰማኝን ማውጣት ይመስለኝ ነበር። ለካ ሌላ ነገር ነው። ግጥም ስጽፍ «እኔ» ብል እኔው ነኝ። መዝሙር ላይ «እኔ» ስል ግን ሺህ ሰው ነው። ሙሽራዋም ናት፣ ሥራ ፈላጊውም ነው፣ ከሆስፒታል ሸሽቶ ጸበል የመጣውም ነው። ያ ሁሉ ሰው እኔ በጻፍኩለት ቃል ፈጣሪውን ሊያናግር ነው።

ከዚያ በኋላ አባቶቻችን የጻፉትን በሌላ ዓይን ማየት ጀመርኩ። የቅዱስ ያሬድን ታሪክ ሁላችንም እናውቀዋለን። በ6ኛው ክፍለ ዘመን፣ አክሱም፣ በንጉሥ ገብረ መስቀል ፊት ሲዘምር ንጉሡ በዜማው ተመስጦ የተደገፈበትን ጦር የያሬድ እግር ላይ ተከለው። ደም እየፈሰሰ ሁለቱም አልተሰማቸውም። ይህ ታሪክ በሥዕልም፣ በስብከትም ስንት ጊዜ ተነግሯል። እኔን የሚገርመኝ ግን ሌላው ነው። ያሬድ የበዓል ዜማ ብቻ ሠርቶ አልሄደም። ዓመቱን ሙሉ የሚያደርስ ድጓ የሚባል የዜማ መጽሐፍ አለን። ለዐቢይ ጾም ጾመ ድጓ አለን፤ ያኔ ከበሮውና ጸናጽሉ ይቀመጣሉ፣ ድምፁም ዝቅ ይላል። መዋሥዕት ደግሞ አለን። መዋሥዕት ለሙታን የሚደርስ ነው። አስቡት። ከአምስቱ የዜማ መጻሕፍት አንዱ ለቀብር፣ ለፍትሐት ሆነ። ያቺ ከምሰሶው ሥር የምትቆመው እናት በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ቦታ አላት። በእኔ መዝሙር ውስጥ አልነበራትም።

ዳዊትም እንዲሁ ነው። «አቤቱ፥ እስከ መቼ ፈጽመህ ትረሳኛለህ?» ብሎ ጽፎልናል። እንዲህ ያለ ቃል ዛሬ አንድ ወጣት ጽፎ ቢያመጣ እናሳልፍለት ነበር ወይ? እኔ እንጃ። ብዙዎቻችን «ተስፋ ያስቆርጣል» ብለን የምንሰርዘው ይመስለኛል። ግን ስንት ሰው ጨንቆት ሌሊት ዳዊት ሲደግም ያቺን መሥመር አግኝቶ ተንፍሷል።

መዝሙር ደግሞ ከአፍ አይጠፋም። አያቴ ፊደል አትለይም ነበር። ውዳሴ ማርያምን ግን ከሰኞ እስከ እሑድ በቃሏ ታደርሰው ነበር። ውዳሴ ማርያምን የደረሰው ሶርያዊው ቅዱስ ኤፍሬም እንደሆነ ነው ቤተ ክርስቲያናችን የምታስተምረው። ያ አባት በዘመኑ መናፍቃን ትምህርታቸውን በዜማ ሲያሰራጩ አይቶ እሱም መዝሙር ጻፈ፤ ሴቶችንም ሰብስቦ አስዘመረ። ያረፈው እ.ኤ.አ. በ373 ነው። አያቴ ስብከት ብትሰማም ትረሳው ነበር። ያንን ግን እስክትሞት አልረሳችውም። በመጨረሻ የልጆቿ ስም ሲጠፋባት እንኳ «ሰላም ለኪ» ስንላት ከንፈሯ ይንቀሳቀስ ነበር። ስለዚህ የተሳሳተ ቃል ብንጽፍ ስሕተቱም እንዲሁ የሚዘምረውን ሰው አልጋው ድረስ ይከተለዋል። ይህ ያስፈራኛል። እውነቴን ነው።

ስለ ቅኔም ትንሽ ልበል። ባለ ቅኔው ሌሊቱን ቅኔውን ሲቆጥር፣ ማለትም ሲያዘጋጅ፣ ያድራል። ጉባኤ ቃና የሚባለው ዓይነት ከሆነ ሁለት ቤት፣ መወድስ ከሆነ ስምንት። ጠዋት ላይ ያቀርበዋል፤ ካማረ ሊቃውንቱ «ይበል! ይበል!» ይላሉ። አለቀ። ነገ ያንኑ ይዞ አይመጣም። ለዚያ ቀን፣ ለዚያ በዓል የተሰጠ ነው። አንዴ ባለ ቅኔው ራሱ ሳያዜመው ቤት በቤት በሌላው ጆሮ ሲነግረው አይቻለሁ። የሕዝቡ ዓይን ያለው የሚያዜመው ላይ ነው። ባለ ቅኔው ግን ጎንበስ ብሎ መቋሚያው ላይ ተደግፏል። ልክ እንደ መሥዋዕት ሰጥቶት ሄደ። እኛ አንድ መዝሙር ጽፈን ዩቲዩብ ላይ ስማችን ተጻፈ አልተጻፈ ብለን ስንጨነቅ ያ ጎንበስ ያለ ትከሻ ትዝ ይለኛል። ስም መጻፉ ክፉ ነው እያልኩ አይደለም፤ የለፋ ሰው ይታወቅ። ግን መዝሙሩ አንዴ ከተሰጠ የዘማሪው ሕዝብ ነው።

ወደ መዝሙሬ ልመለስ። ያን አንቀጽ አምስት ቀን ታገልኩት። በመጨረሻ እንዲህ አልኩ፦

ዕንባዬ ሲወርድ፣ ቆመህ ታየዋለህ፤
ቃል ባጣም ጌታዬ፣ ልቤን ትሰማለህ።

የኔታ አንብበው ዝም አሉ። ከዚያ «በል አስተምራቸው» አሉኝ። የንግሡ ዕለት ከበሮው አጠገብ ቆሜ ዓይኔ ምሰሶው ላይ ነበር። የመጀመሪያውን አንቀጽ ዝም አለች። አዝማቹንም ዝም አለች። ሁለተኛው ላይ ነጠላዋን አፏ ላይ እንዳደረገች ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁ።

አሁን አዲስ እየጻፍኩ ነው። አንዲት ቃል አስቸግራኛለች። «ሁልጊዜ» የምትል ቃል ናት። ሦስቴ ጽፌ ሦስቴ ሰርዣታለሁ። እሑድ ይዣት የኔታ ዘንድ እሄዳለሁ።

በሉ፣ ቸር ያገናኘን።