ስለ ሴቶች ኮንዶም፦ ለአንደኛ ዓመት ሴት ተማሪዎች የተደረገ ንግግር

እህቶቼ፣ እንደምን አደራችሁ? የቅዳሜ እንቅልፋችሁን ትታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። አዋላጅ ነርስ ነኝ። ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንድ ነገር ነው፤ ስለ ሴቶች ኮንዶም።

በመርፌ የሚወሰደውን የእርግዝና መከላከያ፣ ዲፖን፣ ታውቁታላችሁ። ክንድ ላይ የሚቀበረውንም፣ ከግንኙነት በኋላ የሚዋጠውን ፖስት ፒልንም ሰምታችኋል። ዲፖውና የክንዱ እርግዝናን በመከላከል ዛሬ ከማሳያችሁ ይበልጣሉ። ግን አንዳቸውም ኤች አይ ቪን አያቆሙም። ጨብጥንም፣ ቂጥኝንም አያቆሙም። ለዚህ ኮንዶም ያስፈልጋል። የወንዱ ኮንዶም ደግሞ እሱ እሺ ካላለ የለም። «አድርግ ስለው አታምኚኝም ወይ አለኝ» የምትል ልጅ ፊቴ ስትቀመጥ አንጀቴ ያርራል። የጤና ጉዳይ እንጂ የመተማመን ጉዳይ አይደለም።

ይኸውላችሁ፣ እዩት። ስስና ሰፋ ያለ ከረጢት ነው። ርዝመቱ ወደ 17 ሴንቲ ሜትር ይጠጋል። አንደኛው ጫፉ ድፍን፣ ሌላው ክፍት ነው። ሁለት ቀለበቶች አሉት። የውስጡ ቀለበት ከረጢቱን ወደ ላይ ወስዶ የማህፀን በር አካባቢ ያስቀምጠዋል። የውጪው ደጅ ይቀራል፤ የብልትን አፍ ይሸፍናል። የዘር ፈሳሹ ከረጢቱ ውስጥ ይቀራል፣ አለቀ። ሆርሞን የለውም፤ የወር አበባ አያዛባም። ይህ በእጄ ያለው የተሠራው ናይትራይል ከሚባል ሰው ሠራሽ ጎማ ስለሆነ፣ ብዙዎቹ የወንድ ኮንዶሞች የሚሠሩበት የተፈጥሮ ጎማ፣ ላቴክስ፣ የማይስማማት ሴትም ትጠቀመዋለች።

አገባቡን ቀስ ብለን እንየው። እጃችሁን ታጠቡ። ማሸጊያው ላይ ያለውን ቀን እዩ፤ በጥርስ ወይም በመቀስ አትክፈቱት። ቁጢጥ በሉ፣ ወይም አንድ እግራችሁን ወንበር ላይ ስቀሉ። የውስጡን ቀለበት በሁለት ጣት ጨምቃችሁ አስገቡት። ከዚያ ጣታችሁን ከረጢቱ ውስጥ ከትታችሁ እስኪበቃው ግፉት። እንዳይጠማዘዝ ተጠንቀቁ። በደንብ ከተቀመጠ አይሰማችሁም።

ደግሞ ከግንኙነቱ በፊት እስከ 8 ሰዓት ቀድሞ ማስገባት ይቻላል። እኔ ትልቁ ጥቅሙ ይሄ ነው እላለሁ። ውሳኔው ብቻችሁን፣ በረጋ መንፈስ፣ በር ዘግታችሁ የምትወስኑት ነው። ማንም ሳይጎተጉታችሁ።

«ሆዴ ውስጥ ቢጠፋስ?» ትሉኛላችሁ። አይጠፋም። የማህፀን በር ያን ነገር የሚያሳልፍ ክፍተት የለውም። ሽንትም አይከለክልም፤ የሽንት መውጫው ሌላ ነው።

የሚያስቸግርም ነገር አለው፣ አልደብቃችሁም። ብልቱ ከረጢቱን ስቶ በጎን ሊገባ ይችላል። ስለዚህ በእጃችሁ ምሩት። የውጪው ቀለበት ወደ ውስጥ ከተገፋ አቁሙና አስተካክሉ። ከወንዱ ኮንዶም ጋር ደርባችሁ አትጠቀሙበት፤ እርስ በርስ ይያያዙና ይንሸራተታሉ፣ ሊቀደዱም ይችላሉ። ሲያልቅ ከመቆማችሁ በፊት የውጪውን ቀለበት ጠምዝዛችሁ ቀስ ብላችሁ አውጡት። ጠቅልላችሁ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ጣሉት፤ ሽንት ቤት አትጨምሩት። ለሚቀጥለው ጊዜ አዲስ ነው።

ቁጥሩንም እወቁት። 100 ሴቶች አንድ ዓመት ሙሉ ሁልጊዜ በትክክል ቢጠቀሙበት 5 ያህሉ ያረግዛሉ። ሰው በተለምዶ እንደሚያደርገው አንዳንዴ እየተረሳ፣ አንዳንዴ እየተንሸራተተ ከሆነ ግን 21 ይደርሳሉ። የወንዱ ኮንዶም በዚያው ልምድ 13 ነው። ልዩነቱ ትንሽ አይደለም። ለዚህ ነው ዲፖ እየወሰዳችሁም ይህን ጨምሩበት የምለው። አንዱ እርግዝናን፣ ሌላው በሽታን ይይዝላችኋል። ከተንሸራተተ ወይም ከተቀደደ ቀን አትቁጠሩ። ለፖስት ፒልም ለኤች አይ ቪ መከላከያ መድኃኒትም በ72 ሰዓት ውስጥ ድረሱ፤ በቶሎ ሲሆን የበለጠ ይሠራል።

የዚምባብዌ ሴቶችን ታሪክ ሳልነግራችሁ አልወርድም። በፈረንጆቹ 1990ዎቹ ውስጥ ከ30,000 በላይ ሴቶች ፈርመው ይህ ኮንዶም ይግባልን ብለው መንግሥታቸውን ጠየቁ። በ1997 ገባ። በኋላ ደግሞ የፀጉር ቤት ሠራተኞች ሠልጥነው ለደንበኞቻቸው ያስረዱ፣ ይሸጡም ጀመር። ሴት ልጅ ፀጉሯን እየተሠራች የማታወራው ምን አለ? ቦታውን የመረጡት ሴትን የሚያውቁ ሰዎች ናቸው።

እኛ ጋ እንደ ወንዱ በየሱቁ አይገኝም። ማንም ካልጠየቀ ፋርማሲውም አያስመጣም። ስለዚህ ስሙን ጠርታችሁ ጠይቁ። አንድ ሁለት ልጅ ብትጠይቅ «የለም» ይሏታል። አርባ ልጅ ስትጠይቅ መዝግበው ይይዛሉ።

አሁን ሳጥኑ ይዞራል። አንድ አንድ ውሰዱ፣ ክፈቱት፣ ነካኩት። ዶርም ስትገቡ ብቻችሁን ሞክሩት፤ መጀመሪያ ያዳልጣል፣ ሲደጋገም እጅ ይለምደዋል። ጥያቄ ያላችሁ በወረቀት ጻፉልኝ፣ ስም አያስፈልግም። እስከ ምሳ ሰዓት እዚሁ ነኝ።