ወራጅ አለ

ሰላም፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። የማወራችሁ ስለ ሳይክልና ስለ ንዴት ነው። መንገድ ላይ የገፋንን ሹፌር ተከትለን እንጠይቀው ወይስ እንለፈው? ሳምንቱን ሙሉ ከራሴ ጋር ስሟገትበት ቆይቻለሁ።

ከሦስት ዓመት በፊት የሆነውን ላስቀድም። ከመገናኛ ወደ ሃያ ሁለት እየሄድኩ ነው፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ሰው ከሥራ የሚገባበት ሰዓት። አንድ ሚኒባስ በግራዬ ቀደመኝ፤ ገና ጭራው አጠገቤ እያለ ፍሬቻ ሳያሳይ ወደ ቀኝ ገባብኝ። ተሳፋሪ ሊያወርድ ነው። ፍሬን ስይዝ የኋላ ጎማዬ ተንሸራተተ፣ ቀኝ ጉልበቴ ከእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ጋር ተላተመ። ቀና ስል ሰውየው አውርዶ፣ ሌላ ሰው ጭኖ እየሄደ ነው። ወይ አላየኝም፣ ወይ አይቶኝ ምንም አልመሰለውም። በዚያች ሰዓት ያመንኩት ሁለተኛውን ነው።

ተነሳሁና ተከተልኩት። ጉልበቴ መድማቱን እንኳ አላወቅሁም። መብራት ላይ ደረስኩበትና የጋቢናውን በር በመዳፌ ደበደብኩት። "አንተ! ልትገድለኝ ነው?" አልኩት። አንተ ያልኩት ጸጉሩ የሸበተ፣ አጎቴ ሊሆን የሚችል ሰው ነው፤ ሌላ ቦታ ባገኘው ጋሼ ብዬ ጎንበስ የምልለት። ወረደ። እሱም ጮኸ፣ እኔም ጮህኩ፣ ረዳቱ መሃላችን ገባ፣ ገላጋይ እንደ አገራችን ደንብ ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ ሞላ። ትራፊክ ፖሊሱ ደርሶ መጀመሪያ የጠየቀው "መኪናውን የደበደበው ማነው?" ብሎ ነው።

እኔ ነኝ።

ይህችን ነገር ብዙ አስቤባታለሁ። በደሉ የተፈጸመው ሦስት መቶ ሜትር ወደኋላ ነው፤ ያየ ሰው ቢኖርም እዚያው ቀርቷል። መብራቱ ጋ የነበረው ሰው ያየው ሳይክል የያዘ ጎልማሳ ሽማግሌ ሹፌር ላይ ሲጮህ ብቻ ነው። ተከትዬ ስሄድ የእሱን ጥፋት ከኋላ ትቼ የራሴን ብቻ ይዤ ደረስኩ። ከተሳፋሪዎቹ አንዲት እናት በመስኮት "ልጄ፣ ሰው ልትበላ ነው እንዴ?" አሉኝ። ምን ልመልስላቸው?

ከዚያ ወዲህ ለረጅም ጊዜ ዝም አልኩ። ዝም አይነቅዝም ይባላል። የኔ ዝምታ ግን ነቀዘ። ቀይ ሽብር ብለን ስም ያወጣንለት ሲኖትራክ በነፋሱ እያንገዳገደኝ ሲያልፍ ዝም። ከመኪና መስኮት ውሃ ሲደፉብኝ ዝም። ማታ ቤት ስገባ ግን ዝም ያልኩት ሁሉ በልጄ የቤት ሥራ ላይ መውጣት ጀመረ። ደብተሩን ይዞ ወደ እናቱ ሲሄድ ያየሁበት ማታ አለ፤ ስለ እሱ ብዙ ባልናገር ይሻለኛል።

አብራኝ የምትነዳ ጓደኛዬ ደግሞ ሌላ ነገር አሳየችኝ። እሷን የሚጮሁባት ስለ መንገድ አይደለም፣ ስለ ሰውነቷ ነው። "አንተ ዝም ስትል ታጋሽ ይሉሃል፤ እኔ ዝም ስል ደስ አላት ይላሉ" አለችኝ። ስለዚህ ሰው ያለበት ቦታ ስትደርስ ቆማ ትመልሳለች። እሷን ምከር ብባል የምመክራት ነገር የለኝም፤ ከእኔ ይልቅ ታውቃለች።

አንድ ሌላ ነገር አለ፣ መናገሩ ይከብደኛል። በነዚህ ዓመታት የጮህኩባቸውን ሰዎች በአእምሮዬ ቆጠርኳቸው። የሚኒባስ ሹፌሮች፣ የባጃጅ ልጆች፣ አንድ ጊዜ የአይሱዙ ሹፌር። መስታወቱ የጠቆረ ቪኤይት ላይ ግን አንድም ቀን ጮኼ አላውቅም። ሳይገፉኝ ቀርተው አይደለም፣ ገፍተውኛል። ንዴቴ ማን ላይ እንደሚችል፣ ማን ላይ እንደማይችል ለይቶ ያውቅ ነበር ማለት ነው። ፍትሕ እየጠየቅሁ መስሎኝ የኖርኩት ነገር በዚህ ቆጠራ በጣም አነሰብኝ።

ወደ ሹፌሩ ልመለስ። ከሁለት ሳምንት በኋላ መገናኛ ታክሲ ተራ አገኘሁት። ሚኒባስ መስመር አለው፣ ተራ አለው፤ የገፋህ ሰው ዛሬ ቢያመልጥህ ነገ እዚያው ነው። ሳይክሌን እየገፋሁ፣ ሄልሜቴን በእጄ ይዤ በእግሬ ሄድኩ። "ጋሼ፣ የዚያን ዕለት አንተ ስላልኩዎት ይቅርታ" አልኩት። ስለ ጉልበቴ እሱ ይቅርታ አልጠየቀኝም። ያለኝ እንዲህ ነው፦ "ረዳቱ አልነገረኝማ።"

መጀመሪያ ሰበብ መሰለኝ። ኋላ ጋቢና አስገብቶ ራሱ ወንበር ላይ አስቀመጠኝና አሳየኝ። ሹፌሩ የሚቀመጠው በግራ ነው፣ እኔ የምሄደው በቀኝ ነው። ጋቢናው ሁለት ሰው ሲይዝ የቀኝ ስፖኪዮው ግማሹ በሰው ትከሻ ይጋረዳል። በቀኝ በር አንገቱን አውጥቶ መንገዱን የሚያየው ረዳቱ ነው። ሹፌሩ የሚያየው በረዳቱ ዓይን ነው። ረዳቱ ደግሞ የሚፈልገው ሰው ነው፤ ፌርማታ ላይ እጁን የዘረጋ ሰው። ለባለንብረቱ በየቀኑ የሚገባ ገቢ አለ፣ የሁለቱ እንጀራ ከዚያ በላይ ያለው ነው። ይህ ሁሉ ጉልበቴን አያሽረውም። ሳያዩ መታጠፍ ጥፋት ነው፣ ዛሬም እንደዚያው ነው የማምነው። ግን የማናግረውን ሰው ተሳስቼ ኖሬያለሁ።

ልጆች ሆነን "ግራችሁን ይዛችሁ ሂዱ" እየተባልን ነው ያደግነው፣ እግረኛ የሚመጣበትን መኪና ፊት ለፊት እንዲያይ። ሳይክል ላይ ግን ቀኛችንን ነው የምንይዘው፣ መኪናው የሚመጣው ከጀርባ ነው። ሳታየው የሚደርስብህ ነገር ሁሉ ሆን ተብሎ የተደረገ ይመስላል። ደግሞም የኔ ሳይክል አሥራ አራት ኪሎ ናት፣ የሞላ ሚኒባስ ከሁለት ቶን ያልፋል። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የግጭቱ ጉልበት አራት እጥፍ ይሆናል። ጀርመኖች ከ2020 ጀምሮ ከተማ ውስጥ ሳይክል የሚቀድም መኪና ቢያንስ 1.5 ሜትር እንዲርቅ በሕግ ደንግገዋል። በጣም ብዙ የሚመስለው ሳይክል ላይ ተቀምጦ ለማያውቅ ሰው ነው።

አዲስ አበባ ላይ ምንም አልተሠራም አልልም። በ2011 ዓ.ም. "መንገድ ለሰው" ሲጀመር መኪና በሌለበት አስፋልት ላይ መሃሉን ይዤ ነድቻለሁ፤ የዚያን ቀን ትከሻዬ እንዴት እንደቀለለኝ አልረሳውም። በኮሪደር ልማቱ የተሠሩት የሳይክል መስመሮችም ደስ ይሉኛል። ግን አንዳንዱ መጋጠሚያ ጋ ሲደርስ ይቋረጣል፤ ጸባችን የሚጀምረው መስመሩ የሚያልቅበት ቦታ ነው። ባሕር ዳር ሄዳችሁ ብታዩ ተማሪው በሳይክል፣ ሠራተኛው በሳይክል፣ እናቶችም በሳይክል። እዚያ ያለው ሹፌር ብዙውን ጊዜ ራሱ ነድቶ ያደገ ነው፣ ካልሆነም እህቱ ትነዳለች። ማንነቴን ማስረዳት አይጠበቅብኝም።

እኔ አሁን የማደርገውን ልንገራችሁ። ሚኒባስ አጠገቤ ሲደርስ ጆሮዬን ወደ ውስጥ እጥላለሁ። "ወራጅ አለ" ሲባል ከሰማሁ ፍሬን እይዛለሁ። የተሳፋሪው ድምፅ ከፍሬቻው ይቀድማል፣ ብዙ ጊዜም ፍሬቻው ጭራሽ አይመጣም። ከዚያ ረዳቱን አየዋለሁ። እስኪያየኝ ድረስ አየዋለሁ። ካላየኝ "ወንድሜ፣ በቀኝ ነኝ!" ብዬ እጮሃለሁ። አዎ፣ አሁንም እጮሃለሁ፤ ድሮ ከወደቅሁ በኋላ ነበር፣ አሁን ሳልወድቅ ነው። ባለፈው ወር አንድ ልጅ፣ ሃያ ዓመት የሚሞላው አይመስለኝም፣ የመኪናውን ጣራ ሁለቴ መታ መታ አደረገና "ጠብቅ፣ ሳይክል አለ!" አለ። ሹፌሩ ጠበቀ። ያን ቀን ቢሮ የደረስኩት እያፏጨሁ ነው።

እንግዲህ ሳምንቱን ሙሉ ያሟገተኝ ይሄ ነው። ማክሰኞ ጠዋት ቦሌ ላይ፣ መስመሩ ከሚያልቅበት አለፍ ብዬ፣ የኤሌክትሪክ መኪና በስፖኪዮው ክንዴን ነካኝ። ድምፅ የለው፤ በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ እየበዙ ነው፣ ሲመጡም አይሰሙም። መስታወቱ ጥቁር ነው። ረዳት የለው፣ ወራጅ የለው፣ ነገ ሄጄ የማገኝበት ተራ የለው። ለሚኒባሱ የተማርኩት ሁሉ እዚህ አይሠራም።

መብራት ላይ ደረስኩበት። በሩን አልደበደብኩም። አጠገቡ ቆምኩና መስታወቱን በጣቴ ቀስ ብዬ አንኳኳሁ። ጉሮሮዬ ደርቋል፣ የታየኝ የራሴ ፊት ነው። እንዲህ ያለ መኪና ሳንኳኳ በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነው። አልከፈተም። ደግሜ አንኳኳሁ። መስታወቱ ሁለት ጣት ያህል ዝቅ አለ፣ የሽቶ ሽታ ወጣ፣ የሴት ድምፅ "ምን ፈለግህ?" አለኝ። "እመቤቴ፣ ክንዴን ነክተውኛል" አልኳት። አረንጓዴ በራ። መስታወቱ ተዘጋ፣ ሄደች።

ታርጋዋን ስልኬ ላይ ይዤዋለሁ። ነገ ጠዋት፣ ከሥራ በፊት፣ ትራፊክ ጽሕፈት ቤት ይዤው እሄዳለሁ።