ራቶር፦ ከሸክላ ኢላማ እስከ ሚኒስትርነት

ተኳሽ ፖለቲካ ውስጥ ሲገባ ቀድሞ የሚወራው እጁ አለመንቀጥቀጡ ነው። ለህንዳዊው ራጅያቫርዳን ሲንግ ራቶር ግን ይህ ወሬ ብዙም አይገጥምም። የሱ ውድድር ሁለት በራሪ የሸክላ ኢላማ የሚመታበት ደብል ትራፕ ነበር፤ እዚያ ደግሞ ረጋ ብሎ ማነጣጠር የሚባል ነገር የለም። (ዓመቶቹን የምጠራው በፈረንጆቹ ነው።)

ተኳሹ ሸክላ ወርዋሪዎቹ ማሽኖች ካሉበት ጉድጓድ 15 ሜትር ወደ ኋላ ይቆማል፤ ሰደፉን ትከሻው ላይ አስደግፎ ይጮሃል። ማይክሮፎኑ ድምፁን ሲሰማ ሁለት ሸክላዎች ባንዴ ይወረወራሉ፤ ስፋታቸው 11 ሴንቲ ሜትር፣ ፍጥነታቸው በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ግድም። ለእያንዳንዱ አንድ ጥይት ብቻ ነው የተፈቀደው፤ ውስጡም ከ24 ግራም የበለጠ ደቃቅ የእርሳስ ፍሬ አይገባም። ጠብመንጃው ባለ ሁለት አፈሙዝ ነው። የመጀመሪያው ሸክላ ገና ቅርብ ሳለ ስለሚመታ አንዱ አፈሙዝ ሰፋ ይላል፤ ለሁለተኛው፣ ሸክላው እየራቀ ስለሆነ እርሳሱ እንዳይበተን ጠበብ ያለው ይመረጣል።

ጣጣው የሚመጣው እዚህ ሁለተኛው ላይ ነው። ተኳሹ የመጀመሪያው መሰባበሩን ልይ ብሎ ጉንጩን ከሰደፉ ካነሳ፣ ጥይቱ ከላይ ያልፋል። ምላጩን ሲስብ ጠብመንጃውን ከሸክላው ጋር ማንቀሳቀሱን ካቆመ ደግሞ ከሸክላው ኋላ ይቀራል። አሰልጣኞች እስኪሰለቻቸው የሚያርሙት ይህንኑ ነው።

አቴንስ 2004 ላይ ማጣሪያው 150፣ ፍጻሜው 50 ሸክላ ነበር። የኤምሬትሱ አህመድ አል ማክቱም 189 መትቶ ለአገሩ የመጀመሪያውን የኦሊምፒክ ሜዳሊያ ወሰደ (ዱባይ ያላችሁ ስሙን ሳትሰሙ አትቀሩም)። ራቶር 179፣ ቻይናዊው ዋንግ ዠንግ 178። ወርቁ በ10 ሸክላ ርቆታል፤ ብሩ የተረፈለት ግን በአንዲት ሸክላ ነው።

በ2013 ከጦሩ በኮሎኔልነት ወጥቶ ቢጄፒ የተባለውን የህንድ ፓርቲ ተቀላቀለ። በ2014 ከጃይፑር ገጠር ፓርላማ ገባ፤ በመስከረም 2017 የስፖርት ሚኒስትር ሆነ። በዚያው ወር ኬሎ ኢንዲያ የተባለው የመንግሥት የስፖርት ፕሮግራም በአዲስ መልክ ጸደቀ፦ በየዓመቱ ለሚመረጡ 1,000 ወጣቶች፣ ለእያንዳንዳቸው በዓመት 500,000 ሩፒ፣ ለ8 ዓመት። ወንበሩ ላይ በተቀመጠ በሳምንታት ውስጥ ስለጸደቀ ሙሉ ምስጋናውን ለሱ መስጠት ያስቸግራል። 8 ዓመት የሚለው ግን ተኳሽ በደንብ የሚገባው ቁጥር ነው። እስከ ፍጻሜ ለሚዘልቅ ሰው እንደ አቴንሱ ያለ አንድ ውድድር ብቻ 200 ጥይት ይበላ ነበር፤ ልምምዱን አስቡት። ራቶር መኮንን ስለነበር ጦሩ ከጀርባው ነበር። ሲቪሉ ልጅ ግን ጥይት የሚገዛው ከቤተሰቡ ኪስ ነው፤ ገንዘቡ በሁለተኛው ዓመት ከተቋረጠ ልፋቱ ሁሉ ከንቱ ይቀራል።

በ2019 እንደገና ሲመረጥ ያሸነፋት የዲስከስ ወርዋሪዋ ክሪሽና ፑንያ ነበረች፣ እሷም ኦሊምፒያን። በ2023 ወደ ራጃስታን ክልል ምክር ቤት ዞሮ እዚያ ሚኒስትር ሆነ። ደብል ትራፕ ግን በዚያው እሱ የስፖርት ሚኒስትር በሆነበት በ2017 ከቶኪዮ ኦሊምፒክ ዝርዝር ተሰርዞ ቦታው አንድ ወንድና አንዲት ሴት በቡድን ሆነው ሸክላ ለሚመቱበት ለድብልቅ ጥንዶች ትራፕ ተሰጥቷል።