አሮጊቷን መርከብ ለምን እፍቃታለሁ

እንደምን አመሻችሁ፣ እናቶች፣ አባቶች፣ ወንድሞችና እህቶች። አዘጋጆቹ ቡናው እስኪፈላ ድረስ ተናገር ብለውኛል። ጀበናው ተጥዷል፣ ስለዚህ ብዙ ጊዜ የለኝም። ዓመቱንም ወሩንም ቀኑንም በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው፣ መርከቧ የፈረንጅ ናትና ይቅር በሉኝ።

ቅዳሜ ቅዳሜ ስልክ የማላነሳው ለምን እንደሆነ የምትጠይቁኝ አላችሁ። እዚሁ ሎስ አንጀለስ፣ ሳን ፔድሮ ወደብ ነኝ። እዚያ አዮዋ የምትባል፣ ጡረታ ወጥታ ሙዚየም የሆነች የጦር መርከብ አለች፣ ዝገቷን እፍቃለሁ። መፋቂያ፣ የብረት ብሩሽ፣ ከዚያ ቀለም። ደመወዝ የለውም። ባለፈው አንድ ወዳጄ «ውቅያኖስ ተሻግረህ መጥተህ የአሜሪካን ቆርቆሮ በነጻ ትፍቃለህ?» ብሎ በሳቅ ፈረሰ። ዛሬ ለእሱ መልስ ልሰጠው ነው የመጣሁት። ያውና፣ ጥግ ላይ ተቀምጧል።

ነገሩ የሚጀምረው ከምጽዋ ነው። በወጣትነቴ ባሕረኛ ነበርኩ። የባሕር ኃይላችን ትልቋ መርከብ ስሟ «ኢትዮጵያ» ነበር። እሷም አሜሪካ ውስጥ የተሠራች ናት። ኦርካ ተብላ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት አገልግላ በ1962 ለእኛ ተሰጠች። ርዝመቷ 95 ሜትር ገደማ ነበር። ስንቱ መኮንን፣ ስንቱ ባሕረኛ ማዕበል ምን እንደሆነ የተማረው፣ አንጀቱ እስኪገለበጥ ያስመለሰው (እኔን ጨምሮ) እሷ ላይ ነው። በ1991 መንግሥት ሲወድቅ ከቀሩት መርከቦች ጋር ወደ የመን ሸሸች። በ1993 ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች። በቃ። ዛሬ ልጄን ወስጄ «አባትህ እዚህች ጋ ነበር የሚተኛው» ብዬ የማሳየው አንድ ብሎን እንኳ የለም።

አዮዋ ላይ መጀመሪያ የወጣሁ ቀን፣ ወደ ታች የሚወስደውን ጠባብ መሰላል ወርጄ ያ የናፍጣ፣ የቅባትና የአሮጌ ቀለም ሽታ አፍንጫዬን ሲመታኝ፣ እዚያው መሰላሉን ይዤ ቆምኩ። ከኋላዬ የነበሩት ቱሪስቶች አሞኝ መስሏቸው ውሃ ሰጡኝ።

ምን እንደምታክል ልንገራችሁ። 270 ሜትር ትረዝማለች። 9 ትልልቅ መድፎች አሏት፣ የአፋቸው ስፋት 16 ኢንች ነው፣ ልጅ ገብቶ ይንፏቀቅበታል። ከባዱ ጥይት ብቻውን 12 ኩንታል ይመዝናል። 12 ኩንታል ጤፍ ከመስቀል አደባባይ ተተኩሶ ዱከም ሲያርፍ አስቡት። ብሩክሊን ነው የተሠራችው፣ ሥራ የጀመረችው በየካቲት 1943 ነው። በዚያው ዓመት ኅዳር ፕሬዚዳንት ሩዝቬልትን ይዛ አትላንቲክን ተሻገረች፣ ሰውየው ወደ ካይሮና ቴህራን ጉባኤ ሲሄድ። መራመድ ስለማይችል ሊፍት ተገጠመለት፣ መታጠቢያ ገንዳም ተሠራለት። ገንዳው ዛሬም አለ። ከሁሉም ነገር ሰው ፎቶ የሚነሳው እሱ ጋ ነው፤ ያን የሚያህል መድፍ ትተው የገላ መታጠቢያ! በዚያ ጉዞ ላይ አጃቢ የሆነችው ዊሊያም ዲ ፖርተር የምትባል መርከብ ልምምድ ላይ ሳለች በስህተት እውነተኛ ቶርፔዶ (ውሃ ውስጥ እየሄደ መርከብ የሚመታ ፈንጂ) ወደ አዮዋ ለቀቀች። ፕሬዚዳንቱ በውስጧ ናቸው እንግዲህ። ደግነቱ አዮዋ በፍጥነት ዞረች፣ ቶርፔዶውም ከኋላዋ ፈነዳ።

ለእኛ ቤት የምትቀርበው ግን በኮሪያ በኩል ነው። ከሚያዝያ እስከ ጥቅምት 1952 ኮሪያ ምሥራቅ ባሕር ዳርቻ ላይ ነበረች። በዚያው ወቅት የእኛ ቃኘው ሻለቃ ልጆች በየተራራው ምሽግ ውስጥ ነበሩ። አዮዋ ለእነሱ ተኩሳለች እያልኩ አይደለም፣ ያንን የሚያሳይ ነገር አላየሁም። ግን አባቶቻችን በብርድ ሲንቀጠቀጡ እሷ ከባሕሩ በኩል እዚያው ጦርነት ውስጥ ነበረች። ይህንን ለአንድ የቃኘው ዘማች የልጅ ልጅ ስነግረው ያን መድፍ በመዳፉ ዳበሰው። ምንም አላለም።

ሁሉ ነገሯ ደግሞ የሚያኮራ አይደለም። ሚያዝያ 19 ቀን 1989 ሁለተኛው የመድፍ ማማ ውስጥ ባሩድ ፈንድቶ 47 ባሕረኞች ሞቱ። መጀመሪያ ባሕር ኃይሉ ጥፋቱን ከሞቱት በአንዱ ልጅ ላይ ጣለው። ሆን ብሎ ነው ያፈነዳው ተባለ። የሞተ ሰው መልስ አይሰጥ። ሌሎች ባለሙያዎች እንደገና ሲመረምሩት ባሩዱ ከመጠን በላይ በፍጥነት ተገፍቶ ራሱ ሊፈነዳ እንደሚችል አሳዩ፣ በ1991 ባሕር ኃይሉ ቤተሰቡን ይቅርታ ጠየቀ፣ የፍንዳታው ምክንያት ግን በእርግጠኝነት አልታወቀም ተብሎ ተዘጋ። በየዓመቱ በዚያ ቀን መርከቧ ላይ መታሰቢያ ይደረጋል። አንዴ ተገኝቻለሁ። ስም ሲጠራና ደወል ሲመታ ቆሜ ሰማሁ። መርከቧ ተቆራርጣ ተሸጣ ቢሆን ኖሮ እነዚያ እናቶች የት ሄደው ነበር የሚቆሙት? ሙዚየም ሲባል የመድፍ ማሳያ ብቻ የሚመስላችሁ ካላችሁ፣ ይህችን ያዙልኝ።

በ1990 ጡረታ ወጣች። ከዚያ ከ20 ዓመት በላይ እንደ አሮጌ በሬ ታስራ ቆመች፣ መጨረሻ ላይ ሳን ፍራንሲስኮ አጠገብ ሱሱን ቤይ። ሳን ፍራንሲስኮ ሙዚየም አድርጋ ትውሰዳት ሲባል የከተማው ምክር ቤት በ2005፣ 8 ለ3 በሆነ ድምፅ አልፈልግም አለ። አልፈርድባቸውም፣ ጦርነትን የሚቃወም ከተማ ነው፣ የራሳቸው ምክንያት አላቸው። ሎስ አንጀለስ ግን እሺ አለች። የአዮዋ ክፍለ ሀገር፣ ባሕር የሌለው የበቆሎ አገር፣ በስሙ ለተሰየመች መርከብ ብሎ 3 ሚሊዮን ዶላር ሰጠ። ባሕር የሌለው ሕዝብ ለመርከብ ሲያዋጣ... እኛ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ያለን ሰዎች ይህ ነገር ትንሽ ሊቆረቁረን ይገባል። ግንቦት 2012 እየተጎተተች በጎልደን ጌት ድልድይ ሥር አልፋ መጣች፣ በሐምሌ ለሕዝብ ተከፈተች።

አሁን ወደ ፍቀቴ ልመለስ። ብረትና የባሕር ጨው አይዋደዱም። ቀለሙ ውስጥ እንደ ጥፍር ስንጥቅ የምታክል ቀዳዳ ካገኘ ውሃው ይገባና ከውስጥ ይበላዋል፣ ላዩ ግን ደህና ይመስላል። ስትነካው እንደ ቆሎ ገለባ ይረግፋል። እስከ ጤናማው ብረት ድረስ ትፍቃለህ፣ መሠረት ቀለም ትቀባለህ፣ ከዚያ ግራጫውን። አንድ በር የሚያክል ቦታ ቀን ሙሉ ይፈጃል። ከአንዱ ጫፍ ጀምረህ ሌላው ጫፍ ስትደርስ የመጀመሪያው ዝጎ ይጠብቅሃል። ሚስቴ ይሄ እንደ ቤት ውስጥ ሥራ ነው አለችኝ። ልክ ናት፣ ልብስ እንደማጠብ ነው፣ አያልቅም። የመርከቡ ወለል ደግሞ የቲክ እንጨት ነው፣ ያም በተራው ይበሰብሳል።

ሕጉም ዝም ብላችሁ አትቀያይሯት ይላል። በ2006 ከባሕር ኃይሉ መዝገብ ስትሰረዝ ኮንግረሱ ሁኔታ አስቀምጦ ነበር። አገር ክፉ ቀን ቢገጥማት ባሕር ኃይሉ መልሶ ሊወስዳት ይችላል፣ ስለዚህ ለውጊያ እንዳትበቃ የሚያደርግ ለውጥ አይደረግባት፣ ውስጧ በደረቅ አየር ይጠበቅ፣ ከውሃ በታች ያለው አካሏ በኤሌክትሪክ ጉልበት ከዝገት ይጠበቅ፣ መለዋወጫዋ ይቀመጥ ተባለ። በእኔ ግምት ተመልሳ አትዋጋም። ውሃ አፍልተው በእንፋሎት የሚያንቀሳቅሷትን ቦይለሮቿን የሚያውቁ ሰዎች አርጅተዋል፣ እኛው ነን የቀረነው ማለት ይቻላል።

ክፉ ቀን የሚባለው ግን ጦርነት ብቻ አይደለም። ጥር 17 ቀን 1994 እዚህ የነበራችሁ ታስታውሳላችሁ። ጥምቀት ሊደርስ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ሌሊት 10 ሰዓት ተኩል፣ የኖርዝሪጅ መሬት መንቀጥቀጥ። መጠኑ 6.7። እዚሁ ፌርፋክስ አጠገብ የሳንታ ሞኒካ ፍሪዌይ ተደረመሰ። መንገድ ሲቆረጥ የሚቀረው ባሕሩ ነው። በ2020 ኮሮና ሲመጣ ሜርሲ የምትባለው የሆስፒታል መርከብ 1,000 አልጋ ይዛ ከአዮዋ አጠገብ ቆመች። ከዚያ በፊት ደግሞ፣ በ1929 መጨረሻ ታኮማ ከተማ ድርቅ ግድቡን አድርቆ መብራት ሲያጥራት (ይሄን ለእኛ ማስረዳት አያስፈልግም)፣ ሌክሲንግተን የምትባል የአውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ ወደብ ላይ ታስራ ለአንድ ወር ያህል ለከተማው መብራት ሰጠች።

አዮዋ እንደዚያ ታበራለች ብዬ አልዋሻችሁም። ቦይለሯ ቀዝቃዛ ነው፣ መብራቷን ራሷ ከየብስ ነው የምታገኘው። ግን ከሺህ በላይ ሰው ለመመገብ የተሠራ ኩሽና፣ አልጋ፣ ክሊኒክ፣ ሄሊኮፕተር የሚያርፍበት ወለል አላት። መሬት ሲንቀጠቀጥ እሷ ውሃ ላይ ናት። ከውጭ ጄኔሬተርና ንጹህ ውሃ ቢዘጋጅላት፣ ለስንት ሰው መጠለያ እንደምትሆን አስቡት። አሁንም የአደጋ ሠራተኞች ጨለማ ኮሪደሯ ውስጥ ይለማመዳሉ። ጭስ የሞላበት ሕንጻ ውስጥ ሰው መፈለግ ማለት እዚያ ውስጥ መንገድ እንደመፈለግ ነው። እኔ እንኳ ከዚህ ሁሉ ጊዜ በኋላ ሁለት ጊዜ ጠፍቼባታለሁ።

ይሄ ሁሉ የሚሆነው ታዲያ ካልዛገች ነው። የዛገ ወለል ላይ አልጋ አይዘረጋም። ለዚህ ነው የምፍቀው ወዳጄ፣ ተሰማህ?

ከእናንተ የምፈልገው ገንዘብ አይደለም። ቅዳሜ፣ የቻለ ሰው፣ ግማሽ ቀን። አገር ቤት ብረት የበየዳችሁ፣ ቧንቧ የሠራችሁ፣ አዲስ አበባ ጋራዥ ያደጋችሁ እዚህ አላችሁ፣ አውቃችኋለሁ፣ ኡበር እየነዳችሁ እጃችሁ ሥራ ፈቷል። ወጣቶቹ ደግሞ አስጎብኚ መሆን ትችላላችሁ፣ እንግሊዝኛችሁ ከእኔ ይሻላል። የቃኘውን ነገርም ለጎብኚው እናንተ ብትነግሩት ደስ ይለኛል፣ እኔ ስናገረው ድምፄ ይቆረጣል።

110 ፍሪዌይን ይዛችሁ እስከ መጨረሻው ንዱ፣ ወደቡ ላይ ያደርሳችኋል። ተረከዝ ያለው ጫማ አታድርጉ፣ መሰላሉ እንደ ግድግዳ ነው። ምሳ ከእኔ፣ የሚጾም ካለ ሽሮ አመጣለሁ። ወዳጄ አንተን ግን ቅዳሜ ጠዋት በ2 ሰዓት ከቤትህ መጥቼ ነው የምወስድህ። ጓንት አለኝ።